አክሊሉ ለማና የእንዶድ ጥያቄ፦ የመድኃኒትን ጉዳት አስቀድሞ ስለማወቅ የአንድ ሳይንቲስት የሕይወት ታሪክ

አኅጽሮት

ይህ ጽሑፍ የዶክተር አክሊሉ ለማን (1935–1997) ሕይወትና ሥራ ከአንድ ጥያቄ አንጻር ይመረምራል። ጥያቄውም አንድ መድኃኒት ወይም የዕፀዋት ውጤት በሰፊው ጥቅም ላይ ከመዋሉ በፊት የሚያስከትለው ጉዳት እንዴት ይታወቃል፣ የማንስ ማስረጃ ተቀባይነት ያገኛል የሚለው ነው። የእንዶድ ታሪክ እንደሚያሳየው የደኅንነት ማስረጃ መጠየቁ ተገቢ ነበር፤ ማስረጃውን በአገር ውስጥ ለማመንጨት የሚያስችል አቅም አለመኖሩ ግን ብዙ ዓመታትን አስከፍሏል። ይኸው ችግር በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ብዙ መድኃኒቶችን በአንድነት ለሚወስዱ ሕሙማን ዛሬም እንዳለ ጽሑፉ ያመለክታል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ አክሊሉ ለማ፣ እንዶድ፣ ብልሃርዝያ፣ የጎንዮሽ ጉዳት፣ የመድኃኒቶች መስተጋብር፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ

መግቢያ

ከአሶሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በሱዳን ድንበር ላይ የሚገኘው የኩርሙክ አካባቢ በኢትዮጵያ የሽንት ቧንቧ ብልሃርዝያ መኖሩ ከተረጋገጠባቸው ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ ነው። ሌሎቹ በዋናነት በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ሸለቆዎች ይገኛሉ። በሽታው ከውኃ ጋር የተያያዘ በመሆኑ በወንዝ የሚታጠብ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ከብት የሚያጠጣ ወይም በጅረት ውስጥ ቆሞ ወርቅ የሚያጥብ ሰው ሁሉ ለጥገኛ ተውሳኩ ይጋለጣል። በክልሉ ከብልሃርዝያ ሌላ ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የአንጀት ጥገኛ ትላትል፣ ዝሆኔና የወንዝ ዳር ዕውርነት በመባል የሚታወቀው ኦንኮሰርሲያሲስ ይገኛሉ። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ከጤና ጣቢያና ከዘመቻ የሚቀበላቸው መድኃኒቶች ቁጥር ብዙ ሊሆን ይችላል፤ በቤቱ የሚወስደው የባህል መድኃኒትም ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ ይበዛል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰውነት ውስጥ ሲገናኙ ምን ጉዳት እንደሚያስከትሉ አስቀድሞ መገመት የፋርማኮሎጂ አስቸጋሪ ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል።

ጥያቄው ቀለል ባለ መልኩ፣ ማለትም በአንድ ዕፅና በአንድ በሽታ ዙሪያ፣ ከስድሳ ዓመታት በፊት ለአንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ቀርቦለት ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በብልሃርዝያ መከላከል ታሪክ ስማቸው በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። ግኝታቸው ብዙ ጊዜ የተተረከ ሲሆን፣ ከግኝቱ በኋላ የእንዶድን ደኅንነት ለማረጋገጥ ያሳለፉት ረጅም ጊዜ ግን ያን ያህል ትኩረት አላገኘም።

ከትምህርት ቤት ወደ ወንዝ ዳር

አክሊሉ ለማ መስከረም 18 ቀን 1935 ተወለዱ። የከፍተኛ ትምህርታቸውን ተከታትለው በ1964 በአሜሪካ ከሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ተመልሰው በዓድዋ አካባቢ የብልሃርዝያን ሥርጭት ማጥናት ጀመሩ።

የብልሃርዝያ ትል ዕድገቱን የሚፈጽመው በሁለት አስተናጋጆች ነው። ከታማሚው ሰው በሰገራ ወይም በሽንት የሚወጣው ዕንቁላል ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ እጩም በተወሰኑ የቀንድ አውጣ ዝርያዎች ሰውነት ውስጥ ገብቶ በብዛት ይራባል። ከዚያም ወደ ውኃው ተመልሶ የሰውን ቆዳ በመብሳት ወደ ደም ሥር ይዘልቃል። ስለዚህ ቀንድ አውጣዎቹ ከጠፉ የመተላለፊያው ሰንሰለት ይበጠሳል። በወቅቱ ለዚህ ሥራ ይመረጥ የነበረው ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚያመርተው ኒክሎሳማይድ ሲሆን፣ ዋጋው ውድና በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ ለድሃ አገሮች ከባድ ነበር።

አክሊሉ በዓድዋ ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎችን ሲሰበስቡ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። ከማጠቢያው በላይ ባለው የወንዙ ክፍል ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። ተመራማሪው ልዩነቱን በዝምታ አላለፉትም። ከላይኛው ክፍል ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። በዚያ ዕለት የተደረገው ነገር ከሳይንሳዊ ሙከራ መሠረታዊ ክፍሎች አብዛኛውን ያሟላ ነበር፤ ምልከታ፣ ማነጻጸሪያና ፍተሻ ነበሩበት፣ ወጪውም ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

እንዶድ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፋይቶላካ ዶዴካንድራ፣ በኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ የሚበቅል ሐረግ መሰል ቁጥቋጦ ነው። የፍሬው ዱቄት ከውኃ ጋር ሲዋሐድ አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን የተባሉ ውሁዶችን ስለያዘ ነው። ሕዝቡ ለነጭ ልብስ ማጠቢያነት ከማዋሉም በላይ ዓሣን ለማደንዘዝና ለማጥመድ ይጠቀምበታል፤ በባህል ሕክምናም የኮሶ ትልን ለማስወጣት ይወሰዳል፣ ያለ መጠን የወሰደውን ሰው እንደሚመርዝም ይታወቃል። ስለዚህ ዕፁ በአንድ ጊዜ ሳሙናም፣ መድኃኒትም፣ መርዝም ነበር።

ተቋሙና የዓድዋው ሙከራ

አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሥርተው የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ተቋሙ በአገሪቱ ውስጥ የሚገኙ ተላላፊ በሽታዎችን በአገር ውስጥ ባለሙያዎች ለማጥናት የታቀደ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በመሥራቹ ስም የሚጠራው ይኸው ተቋም ነው።

ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ የተካሄደው የአምስት ዓመት ፕሮጀክት የወንዙን ምልከታ ወደ ኅብረተሰብ ደረጃ ያሸጋገረ ነበር። በአካባቢው የተሰበሰበ እንዶድ በየጊዜው በውኃ አካላት ላይ ተጨመረ። በመጀመሪያ ከነዋሪዎቹ 63 በመቶ ያህሉ በበሽታው የተያዙ ሲሆኑ በፕሮጀክቱ መጨረሻ ቁጥሩ ወደ 33 በመቶ ዝቅ አለ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ከሁለቱ ቁጥሮች ሁለተኛው ይበልጥ ትርጉም አለው። የብልሃርዝያ ትል በሰው አካል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚኖር በአዋቂዎች ላይ የሚታየው መጠን የቀድሞውን ኢንፌክሽን ጭምር ይዞ ይዘልቃል። በፕሮጀክቱ ዘመን የተወለዱ ሕፃናት ግን የሚያሳዩት አዲስ ኢንፌክሽንን ብቻ ነው። ስለዚህ በእነርሱ ላይ የታየው ከፍተኛ ቅናሽ መተላለፉ ራሱ መቀነሱን አመለከተ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ አክሊሉ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከኬሚስቱ ሮበርት ፓርክኸርስት ጋር ሠርተው ቀንድ አውጣን የሚገድለው ውሁድ ተለየ፤ በስማቸውም ለማቶክሲን ተባለ። የዕፅዋት ባለሙያው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በበኩላቸው ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች 65 የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው በማነጻጸር ዓይነት 44 የተሰኘውን ኃይለኛውን መረጡ። ይህ ምርጫ ለደኅንነት ጥናትም አስፈላጊ ነበር፤ የውሁዱ መጠን ከዕፅ ወደ ዕፅ የሚለያይ ከሆነ ስለ አንዱ የተገኘ የመርዛማነት ውጤት ለሌላው ሊያገለግል አይችልም።

የደኅንነት ጥያቄ

የዓድዋው ውጤት ከታወቀ በኋላ እንዶድ በሌሎች አገሮችም ሥራ ላይ ይውላል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅትና ገንዘብ ሰጪ ድርጅቶች እንዶድ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት እንደማያደርስ በዓለም አቀፍ መስፈርት የተከናወነ የመርዛማነት ጥናት እንዲቀርብ ጠየቁ።

ይህን ጥያቄ በጥላቻ ወይም በንቀት ብቻ መተርጎም ትክክል አይሆንም። ልብስ አጣቢዎቹ ከብዙ ትውልድ ልምድ ያገኙት ዕውቀት ነበራቸው፤ የእንዶድ ብናኝ እንደሚያስነጥስ፣ ዓይንን እንደሚያቃጥል፣ ዓሣን እንደሚገድልና ያለ መጠን እንደማይጠጣ ያውቁ ነበር። ይህ ዕውቀት ፈጥኖ ለሚታይ ጉዳት ይበቃል። ዘግይቶ የሚመጣውን ጉዳት ግን ልምድ ብቻውን አይገልጠውም። በመጠጥ ውኃ ውስጥ በጥቂቱ ለዓመታት የሚወሰድ ነገር በዘረመል፣ በፅንስ ወይም በውስጥ አካላት ላይ የሚያደርሰውን ለማወቅ የተደራጀ ምርመራ ያስፈልጋል። ታሊዶማይድ የተባለው ማስታገሻ አደጋ የሌለው ተብሎ ከተሸጠ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት አካላቸው ጎድሎ እንዲወለዱ ማድረጉ በ1961 በመታወቁ፣ በዓለም ዙሪያ የደኅንነት መስፈርት እየጠበቀ የሄደበት ዘመን ነበር።

ችግሩ ሌላ ነበር። መስፈርቱን የሚያሟላ ቤተ ሙከራ በኢትዮጵያ አልነበረም፤ በአዲስ አበባ የተካሄዱት ምርመራዎችም ለመጨረሻው ውሳኔ በቂ ተደርገው አልተቆጠሩም። ተመራማሪው ግኝታቸውን ከወንዝ ዳር በጥቂት ደቂቃ ያገኙት ሲሆን ደኅንነቱን ለማስመስከር ግን በአገራቸው የማይገኝ መሣሪያ፣ ገንዘብና እውቅና ያስፈልጋቸው ነበር። ለንግድ የሚመረት ኬሚካል የሚመረመረው በአምራቹ ኩባንያ ወጪ ነው፤ በየአጥሩ ለሚበቅል ዕፅ ግን ይህን ወጪ የሚሸፍን ባለቤት አልነበረም።

አክሊሉ በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሥራ ተሸጋግረው በሳይንስና ቴክኖሎጂ ለልማት ዘርፍ አገለገሉ፤ በኋላም በጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ዕድገት ማዕከል ሠሩ። የእንዶድን ጉዳይ ግን አልተዉትም። በ1983 በዛምቢያ ሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ በስዋዚላንድ ምባባኔ በተካሄዱት ዓለም አቀፍ የእንዶድ ዐውደ ጥናቶች ከአሜሪካዊው የጥገኛ ተውሳክ ተመራማሪ ዶናልድ ሄይነማንና ከስዋዚላንዳዊቷ ኬሚስት ሊዲያ ማኩቡ ጋር ተባብረው የጎደሉትን ማስረጃዎች ለማሟላት ጣሩ። በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የመርዛማነት ጥናቱ በውጭ አገር ቤተ ሙከራ ተካሄደ። ዓድዋ ላይ ከታየው የመጀመሪያ ምልክት እስከዚህ ደረጃ ለመድረስ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ፈጅቷል።

በእነዚህ ዓመታት ዓለም ቆሞ አልጠበቀም። ትሉን በሰው አካል ውስጥ የሚገድለው ፕራዚኳንቴል የተሰኘው መድኃኒት በ1970ዎቹ ተሠርቶ፣ ዋጋው ቀስ በቀስ እየቀነሰ በመሄዱ የብልሃርዝያ ቁጥጥር ከቀንድ አውጣ ወደ ክኒን ዞረ። እንዶድ ማስረጃውን አሟልቶ ሲቀርብ የመከላከያው ስልት ተለውጦ አገኘው። መዘግየቱ ያስከፈለው ዋነኛ ዋጋም ይህ ነው።

ክብርና የመጨረሻ ዓመታት

በ1989 አክሊሉ ለማና ለገሰ ወልደ ዮሐንስ አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት የዘረመል ሀብት ጠባቂው ዶክተር መላኩ ወረደም ይህንኑ ሽልማት በማግኘታቸው ዓመቱ ለኢትዮጵያ ሳይንስ የተለየ ሆኗል። አክሊሉ ሽልማቱን አጋጣሚ አድርገው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ከገንዘብ እጦት በተጨማሪ ማስረጃቸው የማይታመን በመሆኑ እንደሚቸገሩ በአደባባይ ተከራክረዋል።

በኋላ በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት በሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የታላላቅ ሐይቆችን የውኃ ቧንቧዎች የሚደፍነውን የሜዳ አህያ ቀለም ያለው ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ለመግደል እንደሚያገለግል ታየ። ዩኒቨርሲቲው በዚህ አጠቃቀም ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት መውሰዱ የባህል ዕውቀት ባለቤት ማን ነው የሚል ክርክር አስነሣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ ሚያዝያ 5 ቀን 1997 በ61 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከአንድ ዕፅ ወደ ብዙ መድኃኒት

የአክሊሉ ጥያቄ አንድን ንጥረ ነገር ብቻ የሚመለከት ነበር። በዛሬው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ታካሚ ዘንድ ጥያቄው ይባዛል። አምስት መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው 10 ጥንድ መስተጋብሮች ሊኖሩት ይችላሉ፤ አሥር የሚወስድ 45 ጥንዶች ይኖሩታል። ሁሉንም ጥንድ በሰው ላይ ፈትኖ ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ መተንበይ ግድ ይሆናል።

አንዳንዱ ጉዳት ከአሠራሩ ተነሥቶ በቀላሉ ይተነበያል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን በጉበት ያሉትን መድኃኒት የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች ያበረታል። ፕራዚኳንቴል የሚፈርሰው በአብዛኛው በእነዚሁ ኢንዛይሞች በመሆኑ ሁለቱን በአንድነት የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ የሚኖረው የፕራዚኳንቴል መጠን እጅግ ያንሳል። ውጤቱ ለዓይን የሚታይ መመረዝ ሳይሆን ያልተፈወሰ ብልሃርዝያ ነው። ኩርሙክ ላይ እንዲህ ያለ ታካሚ ቢገኝ መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ ይመዘገብ ይሆናል እንጂ የመስተጋብሩ ጉዳት ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል።

ሌላው ጉዳት የሚመጣው ከበሽታዎች መደራረብ ነው። ዳይኤቲልካርባማዚን የዝሆኔ በሽታን ለማከም በሌሎች የዓለም ክፍሎች ያገለግላል። ኦንኮሰርሲያሲስ ላለበት ሰው ሲሰጥ ግን በቆዳና በዓይን ውስጥ ያሉት የትል እጮች በአንድ ጊዜ በመሞታቸው ዓይንን የሚጎዳ ብርቱ ምላሽ ያስከትላል። ስለዚህ ሁለቱ በሽታዎች በአንድነት በሚገኙባቸው አካባቢዎች ለዘመቻ የሚመረጡት ኢቨርሜክቲንና አልቤንዳዞል ናቸው። በዚህ ምሳሌ ጉዳቱን ለመተንበይ የመድኃኒቱን ባሕርይ ማወቅ ብቻ አልበቃም፤ የአካባቢውን የበሽታ ካርታም ማወቅ አስፈልጓል።

ከእነዚህ ውጭ ያሉትን ብዙ ጥንዶች በተመለከተ ተመራማሪዎች ወደ ኮምፒውተር ፊታቸውን አዙረዋል። በ2018 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዴካጎን የተባለ ሞዴል አቅርበው 645 መድኃኒቶችንና 964 ዓይነት የጎንዮሽ ጉዳቶችን በአንድ መረብ አገናኝተው የጥንዶችን ጉዳት ለመተንበይ ሞክረዋል። እንዲህ ያሉ ሞዴሎች የሚማሩት በአመዛኙ በአሜሪካ ከተሰበሰቡ የጉዳት ሪፖርቶች ነው። ፕራዚኳንቴልና ኢቨርሜክቲን እዚያ በስፋት የሚታዘዙ አይደሉም፤ እንዶድና ኮሶ ደግሞ ከመዝገቡ ውጭ ናቸው። ስለሆነም ትንበያው ለአሶሳ ታካሚ የሚኖረው እርግጠኝነት ለካሊፎርኒያ ታካሚ ከሚኖረው ያነሰ ይሆናል። በ1970ዎቹ ተቀባይነት ያለው ማስረጃ የሚመነጨው ከባሕር ማዶ ቤተ ሙከራ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ማስረጃው የሚቆጠረው በባሕር ማዶ መዝገብ ነው።

ማጠቃለያ

ከአክሊሉ ለማ ሕይወት ለድኅረ ምረቃ ምርምር ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፣ የሕዝብ ልምድ የምርምር መነሻ ሊሆን እንደሚችል፣ ለዘገየና ለተደራረበ ጉዳት ግን ማረጋገጫ ሊሆን እንደማይችል ነው። ተመራማሪው ሁለቱንም ተቀብለው የሠሩ ሲሆን የደኅንነት መስፈርትን በመሸሽ አልፈረዱም፤ መስፈርቱ የሚሟላበትን መንገድ ፈለጉ። ሁለተኛው፣ ጉዳትን አስቀድሞ የማወቅ አቅም ከአደጋው ሥፍራ ርቆ ሲቀመጥ ዕውቀቱ ዘግይቶ እንደሚደርስ ነው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይህን ርቀት ለማጥበብ ትልቅ ቤተ ሙከራ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለጎንዮሽ ጉዳት ማስታወቂያ ያዘጋጀው ቢጫ ቅጽ በጤና ተቋማት ሊሞላ የሚችል ነው። ቅጹ ሲሞላ ታካሚው በአንድነት የወሰዳቸው መድኃኒቶች ሁሉ፣ ከዘመቻ የተቀበለው ክኒንና በቤቱ የጠጣው የባህል መድኃኒት ጭምር ቢመዘገቡ፣ ያልተፈወሰ በሽታም እንደ መስተጋብር ምልክት ቢታይ፣ በየትኛውም ዓለም አቀፍ መረብ ውስጥ የማይገኝ መረጃ ይከማቻል። የክልሉ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሎች ይህን መረጃ ተንትነው ቢያቀርቡ ትንበያው የሚሠራው ጉዳቱ ከሚደርስባቸው ሰዎች መዝገብ ይሆናል። አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዝ ዳር የጀመሩት ሥራም ከላይኛውና ከታችኛው የወንዙ ክፍል የተገኙትን ቀንድ አውጣዎች ለይቶ ከመመዝገብ የተነሣ ነበር።